ራስ መኰንንና የሐረር መድኃኔ ዓለም

በሐረር በር ገብቶ ቀጥ ያለውን መንገድ ይዞ ወደ ጀጎል እምብርት የሚዘልቅ እንግዳ፣ ጥቂት እንደ ተራመደ ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ ይደርሳል። የስሙ ትርጓሜ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ ግን በፈረስ ፋንታ ባጃጁና ታክሲው፣ ከሶፊና ከኤረር ቀበሌዎች ጫቱንና ፍራፍሬውን ይዞ የሚመጣው ገበሬ፣ ባለ ቀለም ልብሷን ለብሳ ቅርጫቷን በራሷ ላይ ያደረገችው ሴት አደባባዩን ይሞሉታል። እንግዳው ቆም ብሎ ዙሪያውን ቢመለከት ሁለት ነገሮች ዓይኑን ይስቡታል። አንደኛው ስምንት ማዕዘን ያለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሐረሪዎች የቆመው የመታሰቢያ ሐውልት ነው። ሁለቱ በአንድ አደባባይ ላይ ጥቂት ተራርቀው ይተያያሉ።

ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ገዥ ከጨለንቆው ድል አድራጊ ጦር ጋር ወደ ሐረር የመጡት ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። ስለ እኒህ ሰው የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ያውቃል፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት እንደ ነበሩ፣ በዐድዋ እንደ ተዋጉ፣ ወደ ባሕር ማዶ በመልእክተኛነት እንደ ሄዱ ሰምቷል። ነገር ግን ሰውን ከማዕረጉና ከጦርነቱ ይልቅ ያሠራው ሕንፃ አንዳንድ ጊዜ አብልጦ ይገልጠዋል። ማዕረግ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ ድንጋይ ግን ከባለቤቱ በኋላ ቆሞ ደጉንም ክፉውንም ሳይሸሽግ ለልጅ ልጅ ያሳያል። ስለዚህ ዛሬ የራስ መኰንንን ሕይወት በሐረር ጎዳናዎች እየተዘዋወርን እንመለከታለን። በተለይም ነገ ተሹሞ ወደማያውቀው አገር፣ ቋንቋውን ወደማይሰማው ሕዝብ ለሚሄድ ወጣት ታሪካቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ትውልድና አስተዳደግ

ራስ መኰንን በግንቦት ወር 1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ ደረፎ ማርያም በምትባል ሥፍራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ወልደ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ይባላሉ። ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክም የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ የኃይለ መለኮት ልጅ ስለ ሆኑ፣ ምኒልክና መኰንን የወንድምና የእኅት ልጆች መሆናቸው ነው።

መኰንን የ14 ዓመት ልጅ ሲሆኑ አባታቸው ወስደው ለምኒልክ አስረከቡአቸው። በዚያ ጊዜ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው የሸዋን ዙፋን ከያዙ ብዙ አልቆዩም ነበር። የዘመኑ የመኳንንት ልጅ ትምህርት ፊደልና ዳዊት፣ ፈረስ ጉግሥና ጦር ውርወራ፣ ከሁሉም በላይ በትልቅ ሰው ፊት ቆሞ ማዳመጥ ነበር። መኰንን ይህን የመጨረሻውን ትምህርት ጠንቅቀው የተማሩ ይመስላል። በኋላ ዘመን በሐረር ያለፉ የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ ስለ እርሳቸው ሲጽፉ ቁመናቸው ቀጠን ያለ፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ፣ እንግዳ አቀባበላቸው ያማረ መሆኑን ሳይጠቅሱ አያልፉም። የጦር ሜዳ ሰው ሆነው ሳለ የጦር ሜዳ ጩኸት አልነበረባቸውም።

የጨለንቆ ማግስት

ሐረር እስከ 1868 ዓ.ም. ድረስ በራሷ አሚሮች የምትገዛ፣ የራሷን ገንዘብ የምታወጣ የንግድና የእስልምና ትምህርት ከተማ ነበረች። በዚያ ዓመት ረዑፍ ፓሻ የሚባለው የግብጽ ጦር አዛዥ ያዛት። ግብጾች ለ10 ዓመት ያህል ከገዙአት በኋላ በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ ሥልጣኑ ወደ አሚር አብዱላሂ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ዘመኑ ለትንንሽ መንግሥታት የሚመች አልነበረም። እንግሊዝ ዘይላን፣ ፈረንሳይ ኦቦክን፣ ኢጣልያ አሰብንና ምጽዋን ይዘው ወደ ውስጥ ይመለከቱ ነበር። ንጉሥ ምኒልክም ሐረርን እኔ ካልያዝኋት ሌላው ይይዛታል ብለው አሰቡ፤ የባሕሩም ንግድ በር እርስዋ ነበረች።

በ1879 ዓ.ም. በልደት በዓል ቀን የምኒልክ ጦርና የአሚር አብዱላሂ ጦር በጨለንቆ ተጋጠሙ። ውጊያው አጭር ነበር። የአሚሩ ጦር ተሸነፈ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ሐረሪዎችና አጋሮቻቸው ወደቁ። ዛሬም በብዙ የሐረሪ ቤቶች የመደቡና የወለሉ ቀይ ቀለም በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው እየተባለ ይነገራል። ሐዘኑ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደ ተላለፈ ለመረዳት ይህ አንድ ነገር ይበቃል።

ምኒልክ ሐረር ከገቡ በኋላ ከተማይቱን ለማን እንስጥ የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ስመ ጥር የጦር አበጋዞች ሞልተው ነበር። እርሳቸው ግን ገና 35 ዓመት ያልሞላቸውን ባላምባራስ መኰንንን መርጠው በደጃዝማችነት ሾሙአቸው። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ሐረር ውስጥ የዐረብ፣ የህንድ፣ የአርመን፣ የግሪክ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ነጋዴ ነበረ። ከወደቡም ወገን የሦስት መንግሥታት መልእክተኛ ይመላለስ ነበር። እንዲህ ላለው ቦታ የሚያስፈልገው ሰይፍ ከመምዘዝ በፊት የሚያዳምጥ ሰው ነው።

አዲሱ ገዥ የገቡባት ከተማ ከሸዋ ከተሞች ጋር አንድም የምትመሳሰልበት ነገር አልነበራትም። ሸዋ ቤቱ ክብ፣ ጣራው ሣር፣ ከተማው በየኮረብታው የተበተነ ነው። ሐረር ግን በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ባሠሩት፣ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል በሚጠጋ የድንጋይ ግንብ የታጠረች፣ በአምስት በሮች የምትከፈትና የምትዘጋ፣ ጠባብ መንገዶቿ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ፣ መስጊዷ ከ80 የማያንስ ከተማ ነበረች። የሐረሪ ቤትም ከውጭ ሲታይ ጠፍጣፋ የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ነው፤ በሩን አልፈው ሲገቡ ግን ነደባ የሚባሉት ደረጃ በደረጃ የተሠሩ መደቦች፣ በግድግዳው ውስጥ የተበጁ የዕቃ ማስቀመጫዎች፣ የተደረደሩ ሙዳዮችና ሳሕኖች ይታያሉ። ማን በየትኛው ነደባ ላይ እንደሚቀመጥ በሥርዓት የታወቀ ነው። የቤቱ አሠራር ራሱ የሕዝቡን ሥርዓት ያስተምራል። ይህን የማያውቅ ገዥ የሐረርን ሰው ቤት ገብቶ የት እንደሚቀመጥ እንኳ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

በመስጊድ ሥፍራ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን

በ1880ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ በፈረስ መጋላ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ሥፍራው ባዶ አልነበረም። በግብጾች ዘመን የተሠራ መስጊድ ቆሞበት ነበር። ድል አድራጊው መንግሥት መስጊዱን አንሥቶ በምትኩ ቤተ ክርስቲያን አቆመ። ይህ ነገር በራስ መኰንን የሐረር ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ታሪካቸውንም የሚጽፍ ሰው ሊዘልለው አይገባም። ለዘመቻው ክርስቲያን ወታደር ቤተ ክርስቲያኑ በሩቅ አገር የተገኘ ቤቱ ነበር። ለከተማው ሙስሊም ግን በየቀኑ ወደ ገበያ ሲወጣ የሚያየው የሽንፈቱ ምልክት ነበር። አንዱ ድንጋይ ለሁለት ሰው ሁለት ነገር ይናገራል።

እንዲህ ያለው ነገር በሐረር ብቻ የሆነ አይደለም። በስፔን አገር በኮርዶባ ከተማ ከ850 በሚበልጡ ዓምዶች የቆመ፣ ቀይና ነጭ ቅስቶች የተደረበበት ታላቅ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ785 ገደማ በመስጊድነት ተጀመረ፤ በ1236 ከተማይቱ በክርስቲያኖች እጅ ስትወድቅ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በመካከሉ በዘመኑ የአውሮፓ አሠራር ሌላ ቤተ መቅደስ ተተከለበት። በሴቪልያም የካቴድራሉ ደወል የሚደወለው ቀድሞ አዛን ይባልበት ከነበረው ግንብ ላይ ነው። በቁስጥንጥንያ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አያ ሶፍያ ከቤተ ክርስቲያንነት ወደ መስጊድነት ተለውጧል። ልዩነቱ በኮርዶባና በሴቪልያ አሮጌው ሕንፃ ከአዲሱ ጋር አብሮ መቆየቱ ነው፤ ጎብኚው ሁለቱን በዓይኑ ያያል። በሐረር ግን የቀድሞው ሕንፃ ስለ ፈረሰ የሚያስታውሰው የሰው አፍ ብቻ ሆነ።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅርፅ ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። የገጠሩ የሸዋና የጎጃም ቤተ ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው። በምኒልክ ዘመን ግን ስምንት ማዕዘን የሆነው አሠራር እየተወደደ መጣ። የእንጦጦ ራጉኤልና የእንጦጦ ማርያም በዚህ ዓይነት ተሠሩ፤ ከዐድዋ በኋላም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በዚሁ መልክ ታነጸ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ክቡ ቤት ለእንጨትና ለሣር ይስማማል፤ በጥርብ ድንጋይ የሚሠራ ግንበኛ ግን ቀጥ ያለ ግድግዳ ይፈልጋል። ስምንቱ ማዕዘን ሁለቱን ያስታርቃል። ከውስጥ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ እንደ ጥንቱ በዙሪያ ተከታትለው ይቀመጣሉ፤ ከውጭ ደግሞ ግንበኛው ቅስቱንና መስኮቱን ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ያበጃል። ስለዚህ መድኃኔ ዓለም በሐረር መካከል የቆመ የሸዋ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአጠገቡ ያሉት ቤቶች የሐረሪ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፎቅና የእንጨት ሰገነት ይዘው ብቅ ያሉት ደግሞ የህንድ ናቸው።

ባሕር ማዶ

በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል በተፈረመ በጥቂት ወራት ውስጥ ምኒልክ ደጃዝማች መኰንንን ወደ ኢጣልያ ላኩአቸው። መልእክተኛው በሮም በንጉሥ ኡምቤርቶ ፊት ቀረቡ፤ የኢጣልያንም ከተሞች ጎበኙ። በመስከረም 1882 ዓ.ም. በናፖሊ ተጨማሪ ውል ተፈረመ። በዚህ ውል መሠረት ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች፤ ለብድሩ መያዣ የሆነው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለመኰንን ትልቅ ትምህርት ሳይሆን አልቀረም። የውጫሌው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ነገር የሚል መሆኑ ጥቂት ቆይቶ ተገለጠ። የአማርኛው ኢትዮጵያ ከፈቀደች በኢጣልያ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር ልትነጋገር ትችላለች ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ራሷን የቻለች መንግሥት መሆኗ ቀርቶ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ያለች አገር ልትባል ሆነ። ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ ብድሩም ተከፈለ። መኰንን በ1882 ዓ.ም. ራስ ተብለው ነበርና፣ ከዚያ በኋላ በሐረር የተቀመጡት የአውሮፓን ፋብሪካ በዓይኑ ያየ፣ ወረቀት ከመድፍ ይልቅ አገር ሊወስድ እንደሚችል የተረዳ ሰው ሆነው ነው።

በዚያው ዘመን በሐረር ይነግዱ ከነበሩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ነበር። ግጥም መጻፉን ትቶ ቡና፣ ቆዳና ጠመንጃ ይነግድ ነበር፤ ከራስ መኰንንም ጋር ይተዋወቁ ነበር። በ1883 ዓ.ም. ታሞ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በማርሴይ ሞተ። ዛሬ በጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለው ባለ ባለቀለም መስተዋት ፎቅ እርሱ የኖረበት አይደለም፤ ከሞቱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ሆኖም ቤቱ በሙዚየምነት ተጠብቆ የዚያን ዘመን የህንድ ግንበኞች ጥበብ ያሳያል።

አምባ አላጌ፣ መቀሌ፣ ዐድዋ

የኢጣልያ ጦር ወደ ትግራይ ዘልቆ በገባ ጊዜ ራስ መኰንን የሐረርን ጦር ይዘው ዘመቱ። የምኒልክ ጦር ግንባር ቀደም አዛዥ እርሳቸው ነበሩ። ከውጊያው በፊት ከኢጣልያ አዛዦች ጋር ደብዳቤ ይጻጻፉ፣ ያለ ደም ወደ ኋላ እንዲመለሱም ይጠይቁ ነበር። በኅዳር መጨረሻ 1888 ዓ.ም. ግን ፊታውራሪ ገበየሁ በአምባ አላጌ ውጊያውን ቀድመው ስለ ጀመሩ ጦሩ ሁሉ ተከተለ። የኢጣልያው አዛዥ ሻለቃ ቶዜሊ ከብዙ ወታደሮቹ ጋር ሞተ። ራስ መኰንን የጠላታቸው አዛዥ ሬሳ በክብር እንዲቀበር አደረጉ።

ቀጥሎ የመቀሌ ምሽግ ተከበበ። በምሽጉ ውስጥ የነበረው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር ውኃው ከተያዘበት በኋላ በጥም ተጨነቀ። በራስ መኰንን በኩል በተደረገው ድርድር የተከበበው ጦር መሣሪያውን ይዞ ወደ ወገኑ እንዲሄድ ተፈቀደለት። አንዳንዱ የዘመኑ ሰው ይህ የዋህነት ነው ብሎ ሳይነቅፍ አልቀረም። ይሁን እንጂ የምኒልክ ጦር ከምሽግ ጋር ሲታገል ከመክረም ድኖ ወደ ዐድዋ ለመጓዝ ቻለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነውን አንባቢ ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ መድገም አያስፈልግም። ራስ መኰንንም ከድሉ ባለቤቶች አንዱ ሆነው ወደ ሐረር ተመለሱ።

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለው የቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን መሥራችም እርሳቸው ናቸው። ለዐድዋው ድል ምስጋና እንዲሆን እንዳቋቋሙት ይነገራል። ዛሬ የሚታየው ትልቁ ሕንፃ በልጃቸው ዘመን የታነጸ ሲሆን፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ከአገሩ ሁሉ የሚመጣው ተሳላሚ ቁጥር ስፍር የለውም።

የከተማው ገዥ

ከዐድዋ በኋላ በነበሩት 10 ዓመታት ራስ መኰንን ሐረርን የኢትዮጵያ መስኮት አደረጉአት። በ1889 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ ከምኒልክ ጋር ውል ለመፈረም ሲመጣ፣ የሶማሌላንድን ወሰን ነገር በሐረር የተደራደረው ከእርሳቸው ጋር ነበር። በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመቱ፤ ቀጥሎም የራስ መንገሻ ዮሐንስ ዐመፅ ከበረደ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ትግራይን ደርበው ገዙ።

በከተማው ውስጥ ሐኪም ቤት አቋቋሙ፤ ሐኪሙም ከጓድሉፕ ደሴት የመጣው ዶክተር ቪታልየን ነበር። የካፑቺን ሚሲዮናውያን በሥጋ ደዌ ለተያዙ ድኆች መጠለያ ሲያቋቁሙ አልከለከሉም። ለህንድ ነጋዴዎችና ግንበኞች በር ስለ ተከፈተላቸው በሐረር አዲስ ዓይነት ቤት ተፈጠረ። የታችኛው ክፍል ሱቅ፣ የላይኛው መኖሪያ ሆኖ፣ የተቀረጸ የእንጨት ሰገነት ወደ መንገድ የሚመለከት ቤት ማለት ነው። ኋላም የሐረሪው ቤት ከህንዱ ተዋሕዶ ነደባውን በውስጥ፣ ሰገነቱን በውጭ ያደረገ ቤት ተሠራ። የራስ ተፈሪ ቤት በመባል የታወቀውና በኋላ ሙዚየም የሆነው ሕንፃም የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ያም ጥበብ በማንም ትእዛዝ አልመጣም፤ ጎረቤት ከጎረቤት እየተማረ ያደረገው ነው። መድኃኔ ዓለም በድል ቆመ፤ እነዚህ ቤቶች ግን በጉርብትና ቆሙ።

ይህን ሁሉ ስናመሰግን የዚያን ዘመን አገዛዝ ሸክም መርሳት አይገባንም። ለሐረር የተመደበው ወታደር ደመወዙ ከገበሬው ጎተራ ይወጣ ነበር። በከተማይቱ ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ገበሬ ማሽላውንና ጉልበቱን ለወታደሩ ሰጥቶ ገባር ሆነ። ወደ ኦጋዴን የሚወርደውም ጦር የአርብቶ አደሩን ከብት ይነዳ ነበር። ገዥው በእልፍኛቸው ለስላሳ ሰው ቢሆኑም፣ በሩቅ ያለው ድኻ የሚያውቃቸው በወታደራቸው በኩል ነበር። ሹም ሁሉ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ይህ ይመስለናል፤ ደግነቱ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የሚያበቃ ሹም ከበሩ ውጭ ያለውን ሰው አላስተዳደረም።

ልጃቸውና የመጨረሻው ዘመን

ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ከወይዘሮ የሺ እመቤት ዓሊ ተፈሪ ተወለዱ። ወይዘሮ የሺ እመቤት በ1886 ዓ.ም. ሲያርፉ ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ራስ መኰንን ልጃቸው የግዕዙን ትምህርት ብቻ ተምሮ እንዲቀር አልፈለጉም። በሐኪም ቤታቸው ያለው ዶክተር ቪታልየን ፈረንሳይኛ እንዲያስተምረው አደረጉ፤ ከካቶሊክ ሚሲዮን የመጡት ኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንም የልጁ መምህር ሆኑ። መስጊድ ባነሣው መንግሥት ሥር ቤተ ክርስቲያን ያቆሙት ገዥ የራሳቸውን ልጅ ለሌላ ሃይማኖት መምህር አምነው ሰጡ። ሰው በአንድ ዘመን ውስጥ ሁለት ዘመን ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል።

በ1894 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ የኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሲደፋ ኢትዮጵያን ወክለው ወደ ሎንዶን የተላኩት ራስ መኰንን ነበሩ። ንጉሡ በመታመማቸው በዓሉ ከሰኔ ወደ ነሐሴ ተላልፎ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ በቆላው ስለ ቀረ ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ከተማይቱ ሀብቷን ብታጣም አሮጌ መልኳን ይዛ እንድትቆይ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ገና 13 ዓመት የሆነውን ልጃቸውን ደጃዝማች ብለው የጋራ ሙለታን ገዥነት ሰጡት። በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ታመሙ። ጉዞውን መቀጠል ስላልቻሉ በቁልቢ ተኝተው ቆዩ፤ በመጋቢት ወር በ53 ዓመታቸው ራሳቸው ባቋቋሙት ቤተ ክርስቲያን አገር ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ሐረር ተመልሶ እርሳቸው በመሠረቱት በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ዐፄ ምኒልክ እጅግ አዘኑ፤ ብዙ ሰው አልጋው ለእርሳቸው ይገባል ብሎ ያስብ ነበርና የአገሩም ሐዘን ከባድ ሆነ።

ድንጋዩ የሚናገረው

ከራስ መኰንን ሞት በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። ልጃቸው ነገሡ፤ ከዙፋናቸውም ወረዱ። ዩጎዝላቪያዊው ቀራጺ አንቱን አውጉስቲንቺች የሠራው፣ ራስ መኰንንን በፈረስ ላይ የሚያሳየው ሐውልት በሐረር ብዙ ዓመት ቆሞ ነበር፤ በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ፈረሰ። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ሲሆን፣ የተመዘገበችውም ለአንድ ወገን ሥራ ብቻ አይደለም። የአሚር ኑር ግንብ፣ መስጊዶቹና የአውልያ መቃብሮቹ፣ የሐረሪ ቤቶቹ፣ የህንዶቹ ሰገነቶች ሁሉ በአንድነት ያስገኙላት ክብር ነው።

ስለዚህ ለጉብኝት ወደ ሐረር የሚሄድ ወጣት በፈረስ መጋላ ቆሞ አንዱን ብቻ አይቶ አይመለስ። ወደ መድኃኔ ዓለም ገብቶ ስምንቱን ማዕዘን ይዙር፤ ወጥቶም በጨለንቆ ሐውልት ፊት ጥቂት ይቁም። ከዚያ የስፌት መኪና ድምፅ በማያቋርጥበት መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ ይውረድ፤ በአንድ የሐረሪ ቤት ቢጋበዝም ጫማውን አውልቆ የት እንደሚቀመጥ ባለቤቱን ይጠይቅ። ራስ መኰንን ሐረርን በጦር ገብተው 19 ዓመት ያህል ከእርስዋ ተማሩ፤ ከተማሩትም ብዙውን ሠሩበት፣ ጥቂቱን ደግሞ ሳይክሱ አለፉ። የቀረውን ዕዳ ማወቅና መክፈል ከእርሳቸው በኋላ ለተሾመውና ለሚሾመው ሁሉ የተተወ ነው።